አዲሎ ቆሜ ሆሳዕና ላይ የፈታሁት ታርጋ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንተማመን፤ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ሰው "ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ፣ የሞተ ዘመዴ ጠራኝ" ማለት ሲጀምር ማኪያቶዬን ይዤ ጠረጴዛ የምቀይር ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ ማርታ እንኳን "አንተ መልአክ ቢመጣብህ መንጃ ፈቃድ ነው የምትጠይቀው" እያለች ትቀልድብኛለች፣ አላጋነነችም። ትራፊክ ፖሊስ ነኝ፣ ሰው በቀን ስንት ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየ እንደሚዋሸኝ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ፣ "አሁን ገና ነው ያቆምኩት"፣ "ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው"፣ "እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ መድኃኒት ልገዛላት ነው" ይለኛል፣ እናትየው ደግሞ ጋቢና ቁጭ ብላ ሙዝ ትልጣለች። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ የኖረ ሰው በእጁ ያልዳሰሰውን አያምንም፣ እኔም አላምንም ነበር። ይህን ነገር እስከ ዛሬ አፍኜ የያዝኩት ሹፌሮቹ ቢሰሙት ከአፋቸው ስለማልወጣ ነው። መሳቅ ካማራችሁ ሳቁ፣ እኔ ግን የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፣ ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ፣ ሆሳዕና በባጃጅ የተወረረችበት፣ አንዱ ሰፈር ኮብልስቶን ሲነጠፍ ሌላው የሚቆፈርበት ዘመን። የእኔ ምድብ ከገበያው ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ነበር፣ በገበያ ቀን የአስፋልቱን መልክ የሚያይ ሰው የለም፣ በግራ አይሱዙ ድንች ያራግፋል፣ በቀኝ ሚኒባስ "ሾኔ፣ ሾኔ" እያለ ይጭናል፣ ባጃጁ በላያቸው ደርቦ ይቆማል፣ የተረፈችውን ክፍተት ደግሞ ጋሪ ይሞላታል። የሹፌሮቹን ብልጠት ብታዩ፤ መቼም መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ከኋላው ቅጠል ቆርጦ መጣል የታወቀ ነው፣ እነሱ ግን ደህናውን መኪና አቁመው፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ፣ ከኋላው አንድ እቅፍ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣል አድርገው፣ ተበላሽቶ ነው እንዲባልላቸው ሻይ ሊጠጡ ይገባሉ። እኔ በቅጠል አልሸወድም፣ ባለመኪናውን አስጠርቼ "እስቲ አስነሳት" እለዋለሁ፣ መኪናዋ በአንዴ ትነሳለች፣ እሱም ሳያፍር "ሳጅን፣ እግርህ በረከት አለው" ይለኛል።

ባለቤቱ ካልተገኘ ግን ታርጋውን እፈታለሁ፣ መንጃ ፈቃዱን የሚሰጠኝ ሰው ከሌለ መኪናዋን የምይዝበት ሌላ መንገድ የለኝም። ካቻቢቴና መፍቻ ከኪሴ አይለዩም፣ "ሳጅን ካቻቢቴ" የሚል ስም ያወጡልኝም ለዚሁ ነው። ታርጋውን ፈትቼ ቢሮ እወስዳለሁ፣ ብሎኖቹን ግን አልወስድም፣ አንድ በአንድ በየቀዳዳቸው መልሼ አጥብቄ እሄዳለሁ፣ ሰውየው ቅጣቱን ጨርሶ ታርጋውን ሲረከብ ደግሞ ብሎን ፍለጋ ጋራዥ ለጋራዥ እንዳይንከራተት ብዬ ነው። ባልደረቦቼ በዚህ ይስቁብኛል፣ ታርጋ ፈትቶ ብሎን የሚያስር ትራፊክ በከተማው ውስጥ ከእኔ በቀር አልነበረም።

ግምገማ ላይ ሳይቀር ስሜ ይነሳ ነበር። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ተነስቶ "ሳጅን ኅብረተሰቡን ያማርራል፣ የአገልጋይነት መንፈስ ይጎድለዋል" ብሎ ሂስ አቀረበብኝ፣ እኔም እንደ ደንቡ "ሂሱን ተቀብያለሁ፣ አስተካክላለሁ" አልኩና በማግስቱ የአጎቱን ሚኒባስ ታርጋ ፈታሁ። ግትር ነው ይሉኛል፣ ይበሉ። ያ መንገድ ተዘግቶ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች በመኪና መካከል ሲሽሎከለኩ፣ በሽተኛውም ከላይ ሆኖ ሲያቃስት አይቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ለማንም ፊት አልሰጥም።

ማርታ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፣ ስለዚህ ይሄኛውን እንደ እንቁላል ነበር የምንይዘው፣ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ ቤት ተኝታለች፣ እናቷም ከገጠር መጥተው አብረዋት ናቸው፣ ቀኗ ገና ነው ተብለን ነበር። አለቃዬ "ሾኔ ስብሰባ አለ፣ አንተ ነህ የምትሄደው" ሲለኝ ልቤ እሺ አላለም። "የገበያ ቀን ነው፣ ታምሩ ደግሞ ወባ ይዞት ተኝቷል፣ መንገዱን ማን ሊጠብቅ ነው?" አልኩት። ታምሩ በምድቤ አብሮኝ የሚሠራው ትራፊክ ነው፣ ከእሱና ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። "ከተማው አንድ ቀን ያላንተ አይፈርስም" አለኝ አለቃዬ፣ እኔም ሄድኩ።

ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር አሁን ብትጠይቁኝ አላስታውስም። አልቆ በሚኒባስ ተሳፍሬ ስመለስ አዲሎ የምትባል ከተማ ላይ መንገድ ተዘጋብን፣ እንዴት እንደተዘጋ ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ፣ ሁለት የጭነት መኪኖች አስፋልቱ ላይ ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ ሹፌሮቻቸው ምሳ ገብተዋል፣ "በመሃል አልፋለሁ" ያለ አውቶብስ መጥቶ እዚያው ተወትፏል። ያለ ቦታው የቆመ መኪና፣ ዕድሜ ልኬን ስጣላው የኖርኩት ነገር፣ ሰው አገር ላይ ያዘኝ። ምግብ ቤት ለምግብ ቤት እየዞርኩ "የማን ነው ይሄ መኪና?" እላለሁ፣ አንዱ ሥጋውን እያኘከ "አንተ ደግሞ የየት አገር ትራፊክ ነህ?" አለኝ፣ ዝናቡ ደግሞ ያለ ርኅራኄ ይወርዳል።

ስልኬ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። የማርታ ታናሽ ወንድም ተሻለ ነበር፣ አስተማሪ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር የማይሆንለት ልጅ፣ ያን ቀን ግን ይጮኻል።

"ጋሼ፣ ማርታ ደም እየፈሰሳት ነው፣ አልቆም ብሏል፣ በጎረቤታችን ፒክአፕ ጭነናት ወደ ሆስፒታል ልንወጣ ነው።"

"በየት በኩል?"

"በገበያው ነዋ። ላይኛው መንገድ ተቆፍሯል፣ ሌላ የት አለ?"

"ተሻለ፣ የገበያ ቀን እኮ ነው፣ አታልፉም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ ንገረኝ እንጂ፣ እጄ ላይ ልትሞት ነው" አለና ኔትወርኩ ተቆረጠ። ደግሜ ደወልኩ፣ ደግሜ ደወልኩ፣ ያቺ የማትሰለቸው የስልኳ ሴትዮ ብቻ ታናግረኛለች።

እዚህ ላይ የምነግራችሁን ነገር እኔም እስካሁን አልገባኝም፣ እመኑኝ። አዲሎ መሃል አስፋልት ላይ፣ የተወተፈው አውቶብስ አጠገብ ቆሜ፣ ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያንን የሆሳዕና መንገድ ከዳር እስከ ዳር ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ፣ የትኛው መኪና የት እንደሚቆም፣ የትኛው ሹፌር የት ሻይ እንደሚጠጣ፣ እና በልቤ ከታች ጀመርኩ፣ አንተ ባጃጅ ውጣ፣ አንተ ጋሪ ወደዚያ በል፣ ሚኒባስ ንቅነቅ በል፣ የሹፌሩ የደስታ አይሱዙ፣ መቼም ደስታ መኪናው ውስጥ ተገኝቶ አያውቅም፣ ታርጋህን እፈታዋለሁ። ፊሽካዬንም በእውነት እነፋ ነበር፣ ሰው ቆሞ ሲያየኝ ይታወቀኛል፣ ግን ዓይኔን ከገለጥኩ አንዱ መኪና ተመልሶ መንገዱን የሚዘጋባት መሰለኝ።

እጅጌዬን የጎተተኝ የሚኒባሳችን ረዳት ነው። "ሳጅን፣ ግባ እንጂ፣ መንገዱ ከተከፈተ ቆየ እኮ፣ ስንጠራህ አትሰማም፣ ሹፌሩ ጥሎህ ሊሄድ ነው" አለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ዝናቡ አባርቷል፣ የጭነት መኪኖቹ የሉም፣ አውቶብሱም የለም፣ ምሳ የሚበሉት ሰዎች ሄደው ሌሎች ሰዎች ተተክተዋል። ልብሴ እስከ ገላዬ ርሷል፣ ጉሮሮዬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስጮህ የዋልኩ ያህል ደርቋል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ ረዳቱን አልጠየቅሁትም፣ ለመጠየቅ ፈራሁ። ተሳፋሪዎቹ ቦታ ለቀቁልኝ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴት ልጇን ወደ ሌላ ጎኗ አዞረችው።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። "ሰላም ለኪ ማርያም" ስል መሃል ላይ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ፣ በሕይወት ዘመኔ ስንት ሺህ ጊዜ ያልኩት ጸሎት ነው። ሆሳዕና ስንደርስ ሊመሽ ጥቂት ቀርቶታል፣ ጉም ወርዷል። ከመናኸሪያው እየሮጥኩ መጥቼ ገበያው መታጠፊያ ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። መንገዱ ባዶ ነው።

ባዶ ስላችሁ ቀለል ብሎት አይደለም፣ አንድ ባጃጅ የለ፣ አንድ ጋሪ የለ፣ በጉሙ ውስጥ እስከ ላይ ድረስ እርጥብ አስፋልት ብቻ ይታያል፣ የተዳመጠ ድንችና የፈሰሰ ዘይት አለበት። እዚያ መንገድ ላይ ስንት ዓመት ስሠራ ነጩን መስመር ያየሁት ያን ቀን ነው። መኪናዎቹ የት ሄዱ ብዬ ሳይ በየቅያሱ ውስጥ ገብተው፣ አፍንጫቸውን ወደ አንድ ወገን አድርገው፣ ተራ ይዘው ቆመዋል፣ ጋሪዎቹ ሳይቀሩ ተሰልፈዋል። ገበያተኛው ዳር ዳሩን ይዞ እቃውን ይሰበስባል፣ ወሬ የለም፣ ክላክስ የለም፣ እኔን ያየ ሰው ሁሉ ዓይኑን ይሰብራል።

ሸምሱ የቧንቧና የቀለም እቃ ሱቁ በር ላይ ቆሟል፣ ጉራጌ ነው፣ የልብ ወዳጄ ነው፣ ስንት ጊዜ ያለ ቦታው ያቆሙ ደንበኞቹን ቀጥቼበት ተኳርፈን ታርቀናል።

"ደግሞ መጣህ?" አለኝ።

"ሸምሱ፣ ማርታን የጫነ ፒክአፕ አልፏል?"

"ምን ማለትህ ነው? ከፊት ከፊቱ እየሄድክ ያሳለፍከው አንተ አይደለህ እንዴ?"

"እኔ አሁን ነው ከሾኔ የገባሁት።"

መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ከጫማዬ እስከ ቆቤ አየኝና ሳቁን ተወው። "ተው ሳጅን፣ ሁላችንም አይተንሃል። በዚያ ዝናብ ከታች ጀምረህ አንድ በአንድ አስነሳሃቸው፣ አንዲት ቃል አልተነፈስክም፣ ፊሽካህን ብቻ ነው የምትነፋው። ሰላም ብልህ ዘጋኸኝ፣ ሚስቱ ታማበት ነው ብዬ ተውኩህ። ሹፌሮቹም እንኳን ሊከራከሩህ፣ ፊትህን አይተው ቁልፍ ፍለጋ ነው የሮጡት።"

"ፊቴ ምን ሆኖ?"

ሸምሱ የሱቁን መዝጊያ አንዱን ጎን ሳበው።

ወደ ላይ መሮጥ ስጀምር ከቅያሱ ውስጥ ደስታ ጠራኝ፣ የአይሱዙው ሹፌር፣ ምላሱ የሚፈራ፣ በቀን ሦስቴ የሚሰድበኝ ሰው ነው፣ ያን ዕለት ግን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቀረበኝ። "ሳጅን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ታርጋዬን ስጠኝ፣ ሌላ አልልህም" አለ። "እኔ ታርጋ አልፈታሁም" ስለው ወደ መኪናው ፊት ወሰደኝ። የስልኬን መብራት አብርቼ ጎንበስ አልኩ፣ ታርጋው የለም፣ ብሎኖቹ ግን በየቀዳዳቸው ተመልሰው፣ አንድ በአንድ ጥብቅ ተደርገው ታስረዋል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የገዛ እጅ ጽሕፈቴን ሰው ቤት ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

"ሌላም ነገር አለ" አለ ደስታ ቀስ ብሎ፣ "መኪናዋን አስፋልቱ ላይ ነው ያቆምኳት፣ ድንች እንደጫነች፣ ማርሽ ውስጥ አስገብቼ፣ ፍሬን ይዤ። ቁልፏ ይኸው ኪሴ ነው። ስመለስ እዚህ ገብታ አገኘኋት። በምን አስገባሃት?"

በዚያች ቅጽበት ከላይ፣ ከሆስፒታሉ በኩል፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ እኔ ሰው ሳሳልፍ የምነፋው አነፋፍ ነው። ደስታ ሰማ፣ እኔን አየኝ፣ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ፊሽካ አየና ሳይሰናበተኝ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ ሮጥኩ፣ ስሮጥ ፊሽካው ከፊቴ ይነፋል፣ ጉሙ ውስጥ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ስቆም እሱም ይቆማል፣ ስራመድ ደግሞ ይጀምራል። አንዴ ብቻ የዝናብ ልብስ ጫፍ ያየሁ መሰለኝ፣ ምሰሶ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ ቦታው ላይ ስደርስ ግን ምሰሶ የለም።

የሆስፒታሉ ዘበኛ በሩን ይዞ ቆሟል፣ የማውቃቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ሲያዩኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። "አሁን ገባህ እኮ" አሉኝ፣ "በየት ወጣህ?" አልፌያቸው ገባሁ፣ ከኋላዬ "በስመ ጌታ" ሲሉ ሰማሁ።

አማቴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የድሮ ሰው ናቸው፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ አማትና አማች በክብር ነው የሚኖሩት፣ ስም አይጠራሩም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፣ ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ሲያናግሩኝ ሁልጊዜ መሬት መሬት እያዩ ነው። ያን ቀንም አንገታቸውን ደፍተው ነበር። "እማማ፣ ማርታስ?" ስላቸው ጫማዬን አዩት፣ ጭቃ ነው፣ ውኃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አማቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገፋ አድርገው ፊቴን ቀና ብለው ተመለከቱኝ።

"ቅድም አብረዋት የገቡት እርስዎ አይደሉም" አሉኝ። "የዚያኛው ጫማ ደረቅ ነበር።"

ተሻለ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ያለቅሳል፣ ሄጄ ትከሻውን ስይዘው "ጋሼ፣ አንተ ባትመጣ ኖሮ" ብቻ አለና አቀፈኝ። የማዋለጃ ክፍሉ በር እስኪከፈት ድረስ የነበረውን ሰዓት መልሼ ማስታወስ አልፈልግም፣ ያኔ ስለ ፊሽካውም ስለ ጫማውም ማሰብ ትቼ ነበር፣ ማን እንዳመጣት ግድ አልነበረኝም፣ እሷ ብቻ ትትረፍልኝ ነበር የምለው። ነርሷ ወጥታ "ሴት ልጅ ናት፣ እናትየዋም ደህና ናት፣ ትንሽ ብትዘገዩ ግን ሁለቱንም አታገኙም ነበር" ስትለኝ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በማግስቱ ታምሩን ልጠይቅ ቤቱ ሄድኩ፣ ምናልባት እሱ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፣ ሚስቱም ከአልጋ ካልወረደ ቀናት አልፈዋል አለችኝ። ከዚያ ቢሮ ሄጄ መሳቢያዬን ከፈትኩ፣ ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ እስከ ሾኔ ድረስ በቀበቶዬ ይዤው የዞርኩት እሱን ነው፣ የደስታ ታርጋ ውስጡ ተቀምጧል፣ ጭቃው ገና አልደረቀም። ለደስታ ያለ ቅጣት መለስኩለት፣ እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን መንገድ ትቶ ሌላ ቦታ ማራገፍ ጀመረ። ለካቶሊክ ቁምስናችን አባ ነገርኳቸው፣ "አመስግን፣ አብዝተህ አትመርምር" አሉኝ፣ እኔም ለመተው ሞክሬ ነበር።

አልተወኝም እንጂ። ማርታ ከአራስ ቤት ወጥታ ራሷን ስትችል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃችንን እያጠባች ሳለች አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ማርታ፣ ያን ቀን እኔ ሾኔ ነበርኩ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች፣ ቀና ሳትል።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"አንተ እንዳልነበርክ ነዋ። አንተ ስትጨነቅ ትሳደባለህ፣ አገር ይያዝልኝ ትላለህ። እሱ ዝም ብሎ ነው የሄደው። ፒክአፑ ውስጥ ተኝቼ በመስታወቱ ጀርባውን አየው ነበር፣ መኪኖቹ ሲለቁለት፣ አንድ ጊዜ እንኳን ወደ እኛ አልዞረም። ሆስፒታል ስገባ ግን ጆሮዬ ጋ ጎንበስ አለ።"

"ፊቱን አየሽው?"

"አየሁት።"

"የእኔን ይመስላል?"

ልጇን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረች። "ምን አለሽ ታዲያ?" አልኳት።

"'ሌላ ቀን ስመጣ ትከፍቺልኛለሽ?' አለኝ።"

"አንቺስ?"

"ምን ልበል? ልጄ ሆዴ ውስጥ እየሞተችብኝ ነበር። እሺ አልኩት።"

ተናደድኩ፣ ተነስቼ ክፍሉን ዞርኩት፣ "ማንነቱን ሳታውቂ እንዴት እሺ ትይዋለሽ?" እያልኩ ጮህኩባት። እሷ ልጇን ይዛ ረጋ ብላ አየችኝና "አንተ ብትሆን እምቢ ትለው ነበር?" አለችኝ። በልጅቷ አልምልባችሁም እንጂ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ማንም ምንም ቢለምነኝ እሺ ነበር የምለው።

ከዚያ ወዲህ ቤት ቀይረናል፣ የግቢውን በር በብረት አሠርቻለሁ፣ ከውስጥ ደግሞ መቀርቀሪያ አለው። ማርታን "በሚስጥር ምልክት እንነጋገር፣ ሳንኳኳ እኔ መሆኔን የምታውቂበት" ብዬ ለመንኳት፣ እምቢ አለች፣ "ቃል የሰጠሁትን በብልጠት አላፈርስም፣ ልጄን ሰጥቶኛል" አለች፣ ግትር የሚሉት እኔን ነው፣ እሷን አያውቋትም። አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመጣ አንኳኳለሁ፣ "ማነው?" ትላለች፣ "እኔ ነኝ" እላለሁ፣ ከበሩ ወዲያ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ከዚያ ትከፍታለች። እኔም በሩ እስኪከፈት ድረስ ቆሜ የማስበው ነገር አንድ ነው፣ እሱስ ቢመጣ ከዚህ ሌላ ምን ይላል?

እስካሁን አልመጣም፣ ወይም እኔ የማውቀው የለም። ልጅቷ ግን አድጋለች፣ መቀርቀሪያው ላይ መድረስ ችላለች፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እናቷን ቀድማ ሮጣ የምትከፍተው እሷ ናት፣ "ማነው?" አትልም። ባለፈው ያዝኳትና ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ "የኔ እናት፣ ማን እንደሆነ ሳትጠይቂ ለምንድን ነው የምትከፍቺው?" አልኳት።

የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋት ሁሉ ገርሟት አየችኝና "አባዬ ነዋ" አለች።